ጎጃም ውስጥ የተመዘገበ ንግድ ስሙን ሲቀይር

ደብረ ማርቆስም ይሁን ቡሬ፣ ፍኖተ ሰላምም ይሁን ሞጣ፣ ንግድ ከፍቶ ጥቂት ዓመት የቆየ ሰው አንድ ቀን ስሙን መቀየር ይፈልጋል። ምክንያቱ ብዙ ነው። ሲጀምር ጤፍና በቆሎ ብቻ ይነግድ የነበረው አሁን ቆርቆሮና ሲሚንቶ አስገብቷል፣ «እህል ንግድ» የሚለው ታፔላ አልሸፍነው ብሏል። ሁለት ሸሪኮች ተለያይተዋል፣ ስሙ ግን የሁለቱን ስም አጣምሮ የያዘ ነው። ሌላው ደግሞ ባሕር ዳርና አዲስ አበባ ላይ መሸጥ ሲጀምር ተመሳሳይ ስም ያለው ሌላ ድርጅት አጋጥሞት ደንበኛ ተምታቶበታል።

ከሁሉም በፊት አንድ ነገር ይያዝልኝ። ስም ሲቀየር ባለንግዱ አይቀየርም። ዕዳው ያው ዕዳ ነው፣ ውሉም ያው ውል። አሥር አኃዝ ያለው የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር፣ ሁላችንም ቲን የምንለው፣ እንዳለ ይቀጥላል። ፍርድ ቤት የተያዘ ክስ ካለም አይቋረጥም። ስም ቀይሬ ከአበዳሪ እገላገላለሁ የሚል ሰው በከንቱ ነው የሚደክመው። በዚያው ልክ በአሮጌው ስም ዱቤ የሸጠ ነጋዴ ገንዘቡን ያጣል ማለት አይደለም፤ ነባሩና አዲሱ ስም የአንድ ድርጅት መሆኑን የሚያሳየውን ወረቀት ይዞ ይጠይቃል። ስለዚህ ያንን ወረቀት እንደ ዓይናችሁ ብሌን ጠብቁት፣ ኮፒውንም አብዙት።

ጉዳዩን በዋናነት የሚገዛው የንግድ ምዝገባና ፈቃድ አዋጅ ቁጥር 980/2008 ነው። በ2011 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1150 ተሻሽሏል። የንግድ ማኅበራትን በተመለከተ ደግሞ የ1952ቱን ሕግ የተካው አዲሱ የንግድ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 1243/2013 አለ። ከላይ ያለው ተቋም የንግድና ቀጣናዊ ትስስር ሚኒስቴር ነው። በክልሉ ደግሞ ባሕር ዳር ላይ የንግድና ገበያ ልማት ቢሮ አለ፣ ከሥሩ የዞን መምሪያዎች፣ ከእነሱም ሥር የወረዳና የከተማ ጽሕፈት ቤቶች። የምሥራቅ ጎጃም መምሪያ ደብረ ማርቆስ ነው፣ የምዕራብ ጎጃም ፍኖተ ሰላም። የት ልሂድ ለሚል ሰው መልሱ ቀላል ነው፦ መጀመሪያ የመዘገባችሁ ማን ነው? እዚያው ሂዱ። ሚኒስቴሩ የመዘገበውን ማኅበር የወረዳ ጽሕፈት ቤት ስሙን አይቀይርለትም።

ቀጥሎ መለየት ያለበት የግለሰብ ነጋዴና የማኅበር ጉዳይ ነው፣ ብዙ ሰው የሚደናገረውም እዚህ ላይ ነው።

የግለሰብ ነጋዴ ዋናው ምዝገባ በራሱ ስም፣ ከነአባቱና ከነአያቱ ነው። ታፔላው ላይ የሚጻፈው ከዚያ ጋር የሚያያዝ የንግድ ስም ነው። ስለዚህ ለምሳሌ «ጮቄ ኤሌክትሮኒክስ»ን ትቶ ሌላ ስም መያዝ ሲፈልግ የሚቀየረው ይህ ተያያዥ ስም ብቻ ነው። ማንንም ማስፈቀድ የለበትም፣ ስብሰባም አይጠራም። ማመልከቻ ይጽፋል፣ የታደሰ ንግድ ፈቃዱንና ነባሩን የምዝገባ ምስክር ወረቀት ያቀርባል፣ መታወቂያውን ይዞ ይቀርባል፣ ክፍያውን ይከፍላል። ሰው ከላከ ውክልና ያስፈልገዋል፣ ውክልናውም በውልና ማስረጃ የጸደቀ መሆን አለበት። የግብር ዕዳ ካለበት ክሊራንስ፣ ማለትም ከግብር ዕዳ ነጻ መሆኑን የሚያሳይ ወረቀት፣ አምጣ መባሉ ስለማይቀር ዕዳውን ቀድሞ ማጽዳት ነው።

ማኅበር ሲሆን ነገሩ ይረዝማል። የማኅበሩ ስም መመሥረቻ ጽሑፉ ውስጥ የተጻፈ ነው። ስለዚህ ስሙን መቀየር ማለት መመሥረቻ ጽሑፉን ማሻሻል ማለት ነው፣ ያንን ደግሞ ሥራ አስኪያጁ ብቻውን ማድረግ አይችልም። አባላቱ ይሰበሰባሉ፣ ሕጉና መመሥረቻ ጽሑፉ በሚጠይቁት ድምፅ ይወስናሉ፣ ቃለ ጉባኤ ይያዛል፣ ይፈረማል፣ ከዚያ ቃለ ጉባኤውና ማሻሻያው ውልና ማስረጃ ገብተው ይጸድቃሉ። መዝጋቢው አካል አዲሱን የምስክር ወረቀት የሚሰጠው ከዚህ በኋላ ነው። የማኅበሩ ዓይነት ከስሙ ጋር አብሮ መሄድ እንዳለበትም አትርሱ። «ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር» ወይም «አክሲዮን ማኅበር» የሚለው ጌጥ አይደለም፤ ከእናንተ ጋር የሚዋዋለው ሰው ዕዳውን ከማን እንደሚጠይቅ የሚያውቀው በእሱ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ምክር። ስሙ ነጻ መሆኑን ሳታረጋግጡ ጉባኤ አትጥሩ። አንዱ አባል ደጀን፣ አንዱ አዴት፣ ሌላው አዲስ አበባ ሆኖ ሁሉም በአንድ ቀን ተሰብስበው ከፈረሙ በኋላ ስሙ ተይዟል ቢባል፣ ቃለ ጉባኤው ያንን የተያዘ ስም ነው የሚጠቅሰው። እንደገና መሰብሰብ፣ እንደገና መፈረም፣ እንደገና ውልና ማስረጃ መሰለፍ ይመጣል። ስሙን አስቀድማችሁ በመዝጋቢው ጽሕፈት ቤት ወይም ኢትሬድ በሚባለው የሚኒስቴሩ የኦንላይን ሥርዓት አጣሩ። ኔትወርክ ሲጠፋ በአካል ሄዶ መጠየቅ ይሻላል።

ስም መምረጥ ራሱ ጎጃም ላይ ቀላል አይደለም። ሁሉም ሰው አባይን ይፈልጋል። ግዮን፣ ግሽ አባይ፣ ጣና፣ ጮቄ፣ ዳሞት፣ በላይ ዘለቀ፣ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት... እነዚህን ስሞች እኔም እወዳቸዋለሁ፤ የአገራችን ወንዝና ተራራ ናቸው፣ የአባቶቻችን ስም ናቸው፣ ሆቴል ወይም ካፌ ሲጠራባቸው ደስ ይላል። ግን ሕጉ ቀድሞ ከተመዘገበ ስም ጋር አንድ የሆነን ወይም ሰው እስኪሳሳት ድረስ የሚመሳሰልን ስም አይመዘግብም። የመንግሥት ተቋም ስም አይፈቀድም፣ የሃይማኖት ተቋም ስም አይፈቀድም፣ የብሔር ብሔረሰብ ስም አይፈቀድም፣ ለሞራል ተቃራኒ የሆነም አይመዘገብም። የታዋቂ ሰው ስምም ጥያቄ ያስነሳል። የሰፈራችሁን ታቦት ስም ለወፍጮ ቤታችሁ ማውጣት ብትፈልጉ ልባችሁ ቅን ሊሆን ይችላል፣ ጽሕፈት ቤቱ ግን አይቀበላችሁ ይሆናል። ብዙ ሰው የሚያመልጠው «አባይ» ላይ ሌላ ቃል በመጨመር ነው፤ ያም ቢሆን የተጨመረው ቃል በእርግጥ የሚለይ መሆን አለበት። «አዲሱ» ወይም «ታላቁ» ብሎ ማስቀደም እምብዛም አይረዳም። እኔ ብጠየቅ ከታወቀው ወንዝና ተራራ ይልቅ የትንሿን መንደር ስም፣ የአያታችሁን የቤት ስም፣ የምትሠሩትን ሥራ የሚናገር ቃል ፈልጉ እላለሁ። የራስ ሆኖ የሚቀረው እሱ ነው።

ፊደሉንም ተጠንቀቁ። «ሐ» ይሁን «ሀ»፣ «ሠ» ይሁን «ሰ» ከመጀመሪያው ወስኑና ሁሉም ወረቀት ላይ አንድ ዓይነት አድርጉት። የላቲን ፊደል አጻጻፉም እንደዚያው። ምስክር ወረቀቱ ላይ በአንድ መንገድ፣ ባንክ ላይ በሌላ፣ ማኅተሙ ላይ በሦስተኛ ከተጻፈ እያንዳንዱ ቢሮ «ይህ ያንተ አይደለም» ይላችኋል። አንዲት ፊደል ለማስተካከል ከሞጣ ደብረ ማርቆስ የሚመላለስ ሰው ድካሙ ያሳዝናል፣ በተለይ ሲጀመር ሊቀር ይችል የነበረ ድካም ሲሆን።

አዲሱ ምስክር ወረቀት ሲወጣ አብዛኛው ሰው ጨረስኩ ይላል። እውነቱን ለመናገር ትልቁ ሥራ ገና መጀመሩ ነው፤ ምክንያቱም የድሮው ስም ያልገባበት ቦታ የለም።

መጀመሪያ ገቢዎች። በታክስ አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 983/2008 መሠረት ግብር ከፋይ ስሙን ሲቀይር ለውጡ በተደረገ በ30 ቀን ውስጥ በጽሑፍ ማሳወቅ አለበት። ንግድ ጽሕፈት ቤቱ ስለሚያውቅ ገቢዎችም ያውቃል ብላችሁ አትቀመጡ። የተጨማሪ እሴት ታክስ ተመዝጋቢ ከሆናችሁ የቫት ምስክር ወረቀቱም ይስተካከላል። ከዚያ ካሽ ሬጅስተሩ አለ። ማሽኑ ደረሰኝ ላይ የሚያትመው ስም በራሳችሁ እጅ የሚቀየር አይደለም፤ በገቢዎች ፈቃድ፣ በማሽኑ የአገልግሎት ማዕከል ባለሙያ ነው የሚሠራው። በእጅ የሚቆረጥ ደረሰኝ የምትጠቀሙ ከሆነ የማሳተሚያ ፈቃድ እንደገና ትጠይቃላችሁ። በመሐሉ በድሮ ስም ደረሰኝ፣ በአዲስ ስም ውል እየሰጣችሁ ከቆያችሁ ከእናንተ የገዛ ድርጅት ወጪውን ሲያስመዘግብ ይቸገራል፣ ለእናንተም ኦዲት ሲመጣ ማስረዳቱ ይከብዳል።

ከገቢዎች ቀጥሎ ባንክ ነው። ሂሳቡ፣ ቼኩ፣ የፈራሚዎቹ ፎርም ሁሉ ይስተካከላል። በአዲሱ ስም የተጻፈላችሁ ቼክ በድሮው ስም ላለ ሂሳብ ላይገባ ይችላል፣ ስለዚህ ደንበኛ ገንዘብ ከመላኩ በፊት ባንኩን ጨርሱ። ብድር ካለ ደግሞ ከማመልከታችሁ በፊት አበዳሪውን አናግሩ፤ የብድር ውላችሁ ላይ ሳታስታውቁ እንዲህ ያለ ለውጥ አታድርጉ የሚል አንቀጽ ሊኖር ይችላል። ማኅበሩ መኪና ካለው ሊብሬው፣ ይዞታ ካለው ካርታው፣ ኢንሹራንስ ካለው ፖሊሲው ወደ አዲሱ ስም ይዞራል። የሠራተኞች ጡረታ መዋጮ የሚገባበት መዝገብም አለ፣ ይህንን ብዙ ሰው ይረሳዋል፣ ሲረሳ ደግሞ የሚጎዳው የዓመታት መዋጮውን ኋላ የሚፈልገው ሠራተኛ ስለሆነ በቸልታ መታለፍ የለበትም። ማኅተም ይቀረጻል፣ አሮጌው ከአገልግሎት ይወጣል። ታፔላው መጨረሻ ላይ ይሁን፤ ለእሱም ማዘጋጃ ቤቱን መጠየቅ አለ።

ሰው ግን በወረቀት አይገዛም። ደብረ ማርቆስ እኮ ድሮ መንቆረር ነበረች፣ ፍኖተ ሰላምም ወጀት፤ ስማቸው ከተቀየረ ትውልድ አልፎም የድሮው ስም ከሽማግሌዎች አፍ አልጠፋም። የአማራ ብድርና ቁጠባ ተቋም፣ አብቁተም፣ ፀደይ ባንክ ሆኖ «አብቁተ» የሚለው ሰው ዛሬም ብዙ ነው። ስለዚህ ለአንድ ሁለት ዓመት ታፔላው ሥር በትንሹ የቀድሞውን ስም ማስቀመጥ ጥሩ ነው። ለገበያ ቀን ከገጠር የሚመጣው ገበሬ ዘር ወይም መድኃኒት የሚገዛው ከሚያምነው ሰው ነው፣ አዲስ ስም ሲያይ ሱቁ የተሸጠ ይመስለውና ያልፋችኋል።

ስለ መሸጥ ካነሳን፣ ስም መቀየርና ባለቤት መቀየር ጨርሶ የተለያዩ ናቸው። የንግድ ፈቃድ አይሸጥም፣ አይከራይም። ሱቁን ከሌላ ሰው ብትገዙ በራሳችሁ ስም ተመዝግባችሁ የራሳችሁን ፈቃድ ነው የምታወጡት፣ የሻጩን ፈቃድ «ስም አዙሩልኝ» ተብሎ አይሆንም። አባት ሞቶ ልጆች ንግዱን ሲይዙም እንዲሁ ነው፤ መጀመሪያ ከፍርድ ቤት የወራሽነት ማስረጃ፣ ከዚያ በወራሹ ስም ምዝገባ። በሟች ስም ዓመታት መነገድ ኋላ ወንድምና እህት የሚያጣላ ነገር ነው፤ ቶሎ ይስተካከል። የግል ነጋዴ የነበረ ሰው ማኅበር ሲያቋቁምም ነገሩ አዲስ ሰው በሕግ መፍጠር እንጂ ስም መቀየር አይደለም። ያኔ ቲኑም ሌላ ይሆናል።

ሁሉም ንግድ በንግድ ጽሕፈት ቤት ብቻ አይመራም። ክሊኒክ፣ መድኃኒት ቤት ወይም የግል ትምህርት ቤት ከሆነ የብቃት ማረጋገጫውን የሰጠው የጤና ወይም የትምህርት መሥሪያ ቤት አብሮ መስማማት አለበት። የገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማኅበራትና እንደ ዳሞት ያሉ ዩኒየኖች ደግሞ በሌላ ሕግ፣ በአዋጅ ቁጥር 985/2009 ነው የሚተዳደሩት፣ የስማቸውም ጉዳይ ወደ ኅብረት ሥራ መሥሪያ ቤት ይሄዳል።

የንግድ ስም ማስመዝገብ የንግድ ምልክት ማስመዝገብም አይደለም። ማር ወይም በርበሬ አሽጋችሁ በብራንድ የምትሸጡ ከሆነ ማሸጊያው ላይ ያለው ስምና ምልክት የሚጠበቀው በአዋጅ ቁጥር 501/1998 መሠረት አእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን ዘንድ ሲመዘገብ ነው። ጥበቃው ለ7 ዓመት ነው፣ ይታደሳል። ስም የምትቀይሩት ለብራንድ ብላችሁ ከሆነ ሁለቱንም ጎን ለጎን አስኪዱ፣ አለዚያ ታፔላውን ከቀየራችሁ በኋላ ምልክቱ የሌላ ሰው ሆኖ ታገኙታላችሁ።

መቼ ይሁን ለሚለው፣ ንግድ ፈቃድ ያለ ቅጣት የሚታደሰው ከሐምሌ 1 እስከ ታኅሣሥ 30 ነው። ታኅሣሥ ላይ ወረፋው አያስገባም፣ ለእህል ነጋዴ ደግሞ አጨዳና ውቂያ ስለሆነ ገበያውም የሚሞቀው ያኔ ነው። ስም የሚቀይር ሰው ያልታደሰ ፈቃድ ይዞ ቢሄድ መጀመሪያ አድስ ይባላል። መስከረም ወይም ጥቅምት ላይ እድሳቱንና የስም ለውጡን አንድ ላይ የጨረሰ ነጋዴ በአንድ ክሊራንስ ሁለት ጉዳይ ይፈጽማል፣ ጤፉ ገበያ ሲወጣም በአዲሱ ስም ደረሰኝ ይቆርጣል።