የአሮጌ ላንድክሩዘርና ላንድሮቨር ሽቦ፦ ራስ መሥራት ወይስ ባለሙያ መቅጠር? የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

አሮጌ ላንድክሩዘር ወይም ላንድሮቨር ያለው ሰው አንድ ቀን ከሽቦ ጋር መፋጠጡ አይቀርም። ፍሬን ሲረገጥ ፍሬቻው አብሮ ይበራል። ዝናብ ሲዘንብ ሞተሪኖው (ሞተር ማስነሻው) አልዞር ይላል። ማታ ረጅም መብራት ሲበራ ዳሽቦርዱ ደብዘዝ ይላል። ያኔ ምክር ከየአቅጣጫው ይጎርፋል። ገሚሱ «ቀላል ነው፣ ራስህ ቀጥለው» ይላል። ገሚሱ «እንዳትነካው፣ ኤሌክትሪሺያን ጥራ» ይላል። በሁለቱም ወገን ሰው አምኖ የሚደጋግማቸው ነገሮች አሉ። አንዳንዶቹ ያለ ጥቅም ገንዘብ ያስወጣሉ፤ አንዳንዶቹ መኪና ያቃጥላሉ።

«ኮምፒውተር የለውም፤ ስለዚህ ማንም ይሠራዋል»

ግማሹ እውነት ነው። እ.ኤ.አ. በ1990 የመጣውን ዋን ኤች ዜድ የናፍጣ ሞተር እንውሰድ። በየገጠሩ የምናያቸው ብዙዎቹ 70 ሲሪዝ ላንድክሩዘሮች ይህ ሞተር ነው ያላቸው። የነዳጅ ፓምፑ መካኒካል ነው። ሞተሩ አንዴ ከተነሳ በኋላ ከኤሌክትሪክ የሚፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ፓምፑ ላይ ያለችው የነዳጅ መዝጊያ ሶሌኖይድ (በኤሌክትሪክ የምትሠራ መዝጊያ) ኃይል እንዳይቋረጥባት። ወደ እሷ የምትሄደው አንዲት ቀጭን ሽቦ ናት። ያቺ ሽቦ ከላላች መኪናው መንገድ መሀል ጸጥ ይላል። ነዳጅ የተቋረጠ ስለሚመስል ፊልትሮ ይቀየራል፣ ፓምፕ እስከማውረድም ይደረሳል። ቁልፉን ከፍቶ ሶሌኖይዷ ላይ ቴስተር (የቮልት መለኪያ) ያስነካ ሰው ግን በሁለት ደቂቃ ያገኘዋል። ይህን ለማድረግ ኤሌክትሪሺያን መሆን አያስፈልግም።

ስህተቱ ያለው «ቀላል ነው» ከሚለው ተነስቶ «ሁሉም አንድ ነው» እስከማለት መሄድ ላይ ነው። ቶዮታ ላይ የግራውንድ ሽቦ (ኃይሉ በቦዲ በኩል ወደ ባትሪ የሚመለስበት) ነጭ ሆኖ ጥቁር መስመር ያለው ነው። ላንድሮቨር ላይ ግን ሙሉ ጥቁር ነው። ላንድሮቨር ላይ ቡናማው ሽቦ ሁልጊዜ የባትሪ ኃይል አለበት፤ ነጩ ቁልፍ ሲዞር ብቻ ያገኛል፤ አረንጓዴው ደግሞ ቁልፍ ሲዞር በፊውዝ በኩል ያገኛል። በላንድሮቨር የለመደ እጅ ቶዮታ ላይ ነጭ ሽቦ አይቶ «ቁልፉ ዝግ ስለሆነ ኃይል የለውም» ብሎ ቢቆርጥ ብልጭታ ሊቀበለው ይችላል። እዚያ ነጩ ከባትሪ የሚመጣ ዋና መስመር ሊሆን ይችላልና።

የፊት መብራቱ ደግሞ ስንቱን አሳስቷል። በ60 እና በ70 ሲሪዝ ላንድክሩዘሮች ፖዘቲቩ ቀድሞ አምፖሉ ጋ ይደርሳል። ረጅምና አጭር የሚያደርገው ማብሪያ የሚቆጣጠረው ኔጋቲቩን ነው። በሌላ መኪና የለመደ ሰው ፖርቶመጋላ ላይ ተጨማሪ መብራት ሲያስር፣ የሪሌውን (በትንሽ ኃይል ትልቁን መስመር የሚከፍትና የሚዘጋ ማብሪያ) አንዱን ጫፍ ከረጅም መብራት ሽቦ፣ ሌላውን ከቦዲ ጋር ያገናኛል። መብራቱ ያልታሰበ ሰዓት ይበራል፣ ወይም አልጠፋ ይላል። ከዚያ ሪሌው ተበላሽቷል ተብሎ ሌላ ይገዛል።

የቮልቱም ነገር አለ። ኮፈኑን ከፍታችሁ ሁለት ባትሪ ብታዩ «24 ቮልት ነው» ብላችሁ አትደምድሙ። ሁለቱ ጎን ለጎን፣ ፖዘቲቭ ከፖዘቲቭ ታስረው ከሆነ ያው 12 ቮልት ነው። የአንዱ ፖዘቲቭ ከሌላው ኔጋቲቭ ከታሰረ 24 ይሆናል። 24 ቮልት ሆነው የመጡ የናፍጣ ላንድክሩዘሮች በእርግጥ አሉ። እንዲሁም እ.ኤ.አ. እስከ 1960ዎቹ አጋማሽ የወጡት ላንድሮቨሮች ከሻንሲው ጋር የሚያስሩት ፖዘቲቩን ነው። እነሱ ላይ ዘመናዊ ዲናሞ በለመድነው አኳኋን ከታሰረ ዲናሞው ውስጥ ያሉት ዳዮዶች ወዲያው ይቃጠላሉ። ስለዚህ ራሱ የሚሠራም ሆነ ለባለሙያ የሚሰጥ ሰው መጀመሪያ ይለካ።

«12 ቮልት ምን ያመጣል?»

ሰው አይነዝርም፤ ይህ ልክ ነው። ያቃጥላል ግን። የናፍጣ መኪና ባትሪ ሞተሪኖ ለማዞር በመቶዎች የሚቆጠር አምፒር ይለቃል። ያ ሁሉ ኃይል በአንዲት ቀጭን ሽቦ በኩል ቦዲ ካገኘ ሽቦዋ በሰከንዶች ትግላለች። የጣት ቀለበት በመፍቻና በቦዲ መሀል ቢገባም እንደዚያው ነው። ሽቦ ከመንካታችሁ በፊት ቀለበትና የብረት ሰዓት አውልቁ። ኔጋቲቩ ከቦዲ በታሰረበት መኪና ላይ ደግሞ መጀመሪያ የባትሪውን ኔጋቲቭ ፍቱ። ያኔ ፖዘቲቩን ስትፈቱ መፍቻው ቦዲ ቢነካ እንኳን ምንም አይፈጠርም።

«ፊውዙ ደጋግሞ ከተቃጠለ ከፍ ያለ ይደረግበት»

ይህ እጅግ ከከፉት አንዱ ነው። ጎበዝ የሚባሉ ሰዎችም ያደርጉታል። ፊውዝ የተቀመጠው ለሽቦው ነው። ባለ 15 አምፒር ፊውዝ የሚቃጠለው ሽቦው ከአቅሙ በላይ እንዳይሸከም ነው። በቦታው ባለ 30 ከገባ፣ ወይም የሲጋራ ፓኮ ብርማ ወረቀት ተጠቅልሎ ከተሰካ፣ ቀጥሎ የሚቃጠለው ሽቦው ራሱ ይሆናል። የሚቃጠለውም ከዳሽቦርድ ጀርባ፣ ከሌሎች ሽቦዎች ጋር ታስሮ ባለበት ነው።

ከዚህ የባሰ አንድ ነገር አለ። ቶዮታዎች ከባትሪው ፖዘቲቭ ጎን አጠር ያለች፣ ለየት ያለ ሽፋን ያላት ሽቦ አላቸው። ፊውዚብል ሊንክ ትባላለች። ከምትጠብቀው ሽቦ ሆን ተብሎ እንድትቀጥን የተደረገች ናት። ከባድ ሾርት ሲፈጠር እሷ ቀልጣ መኪናውን ታድናለች። ስትቀልጥ ግን መኪናው ሙሉ በሙሉ ስለሚጠፋ፣ ብዙ ጊዜ ተቆርጣ በተራ ሽቦ ትተካለች። መኪናው ይነሳል፤ ሰው ተደስቶ ይሄዳል። ከዚያ ቀን ጀምሮ በባትሪውና በመኪናው መሀል ምንም ጠባቂ የለም። አሮጌ ላንድክሩዘር የምትገዙ ከሆነ ከጎማውም ከቀለሙም በፊት ይህችን ቦታ እዩ።

«መብራቱ ከደከመ ዲናሞው ነው፤ ካልሆነ ሽቦው በሙሉ ይቀየር»

አብዛኛውን ጊዜ ሁለቱም አይደሉም። ሽቦ ሙሉ በሙሉ ሊቀየር ነው ተብሎ ዋጋ ከተጠየቀባቸው አሮጌ መኪናዎች ብዙዎቹ የሚፈልጉት ግራውንድ ማጽዳት ነው። ፒስታ መንገድ ብሎን ያላላል። የወንዝ ውሃ ይገባል። ቀለም የተቀባ ቦዲ ላይ ተርሚናል ይታሰራል። የአፋር ጨውና ሙቀት ሲጨመርበት ደግሞ መዳቡ አረንጓዴ ያወጣል። መግቢያው ላይ ያነሳሁት፣ ፍሬን ሲረገጥ ፍሬቻው አብሮ የሚበራበት ችግር ሁልጊዜ ማለት ይቻላል የኋላ መብራት ግራውንድ ነው። ኃይሉ ወደ ቦዲ መመለሻ ሲያጣ በሌላው አምፖል በኩል ዞሮ ይሄዳል።

መለኪያው ቀላል ነው። ሞተሩን አስነሱ፣ የፊት መብራቱን አብሩ። ባትሪው ላይ ከ13.8 እስከ 14.4 ቮልት አካባቢ ካነበባችሁ ዲናሞው ደህና ነው። ከዚያ የቴስተሩን አንድ ጫፍ ባትሪው ኔጋቲቭ ላይ፣ ሌላውን የመብራቱ ኔጋቲቭ መስመር ከቦዲ ጋር የሚታሰርበት ብሎን ላይ አድርጉ። ቁጥሩ ዜሮ አጠገብ መሆን አለበት። ግማሽ ቮልት ካሳየ እዚያ መሀል የታመመ ነገር አለ። ብሎኑን ፈትታችሁ፣ ቀለሙን እስከ ብረቱ ፍቃችሁ፣ መልሳችሁ አጥብቁና እንደገና ለኩ። በፖዘቲቩም በኩል እንዲሁ ከባትሪው ፖዘቲቭ እስከ አምፖሉ ይለካል።

ትንሽ ቮልት መቀነሱን አትናቁት። ለአምፖሉ የሚደርሰው ቮልት በ10 ከመቶ ሲቀንስ ብርሃኑ በ30 ከመቶ ገደማ ይወርዳል። ማታ በጎንደር ወይም በባሌ ጠመዝማዛ መንገድ ላይ ልዩነቱ በዓይን ይታያል። ቤተሰብ ጭኖ ማታ የሚነዳ ሰው ዲናሞ ከመቀየሩ በፊት ይህን ቢለካ በጣም ደስ ይለኛል።

«ሽቦ ሽቦ ነው»

አይደለም። ለቤት ግድግዳ የሚዘረጋው ባለ አንድ ዘንግ ጠንካራ ሽቦ መኪና ውስጥ ሲገባ ንዝረቱ ይሰብረዋል። ላስቲኩ ደህና ሆኖ ውስጡ ስለሚቆረጥ ብልሽቱን ማግኘት አሳር ነው። ለመኪና የሚሆነው ከብዙ ቀጫጭን መዳቦች የተሠራው ነው። ውፍረቱም ከሥራው ይነሳል፦ ሁለት ባለ 100 ዋት ተጨማሪ መብራቶች በ12 ቮልት ወደ 17 አምፒር ይስባሉ። ለዚህ ባለ 4 ካሬ ሚሊሜትር ሽቦ፣ ሪሌ፣ እና ከባትሪው አጠገብ የተቀመጠ ፊውዝ ያስፈልጋል። ፊውዙ መብራቱ ጋ ከተቀመጠ መሀል ላይ ያለው ሽቦ ጠባቂ አጣ ማለት ነው።

ጠምዝዞ በናስትሮ መጠቅለልም ለጊዜው መንገድ ላይ ያደርሳል እንጂ ሥራ አይባልም። ኮፈን ስር ሙቀቱ ሙጫውን ያቀልጠዋል። «ሶልደር (በቀለጠ ቆርቆሮ መበየድ) ከሁሉም ይበልጣል» የሚሉም አሉ። ለሚንቀጠቀጥ መኪና ግን በትክክለኛ መጭመቂያ ፒንሳ የተጨመቀ ተርሚናል ይመረጣል። ሶልደር ወደ ሽቦው ውስጥ ሰርጎ ያደርቀዋል፤ ድርቀቱ የሚያበቃበት ቦታ ላይ ይሰበራል።

«ባለሙያ ከነካው አለቀ»

ጥሩ ኤሌክትሪሺያን ወርቅ ነው። ዋናውን ገመድ፣ የሞተሪኖና የዲናሞ መስመር፣ ከዳሽቦርድ ጀርባ የገባውን እሳት ያየው ሽቦ ለእሱ መስጠት ተገቢ ነው። ግን ባለሙያ መባል ብቻውን ዋስትና አይሆንም። ከፊት እስከ ኋላ በአንድ ቀይ ሽቦ ብቻ የተሠራ መኪና አይቻለሁ። ያኔ መኪናው ሠርቷል። ከዓመት በኋላ አንድ መስመር ሲቋረጥ ግን የትኛው ቀይ የየት እንደሆነ የሚያውቅ ሰው የለም።

ስለዚህ ዋጋ ከመነጋገራችሁ በፊት ጠይቁ። «ወንድሜ፣ በፋብሪካው ከለር ነው የምትሠራው? ፊውዙ የት ይቀመጣል? የሠራኸውን ወረቀት ላይ ትስልልኛለህ?» ደህና ባለሙያ በዚህ አይቀየምም፤ እንዲያውም ይወዳል። «ዝም ብለህ እመነኝ» ካለ ሌላ ጋራዥ አለ። ሽቦው የሚያልፍበትን እያንዳንዱን ቦታ ከመሸፈኑ በፊት በስልካችሁ ፎቶ አንሱ።

«ራስ ከሠሩት በነጻ ነው»

ለአንድ ግራውንድና ለአንድ ሪሌ፣ አዎ፣ ከነጻ አይርቅም። ሙሉ ሽቦ ለመቀየር ግን ቴስተር፣ ጥሩ መጭመቂያ ፒንሳ፣ ብዙ ዓይነት ተርሚናል፣ የተለያየ ከለርና ውፍረት ያለው ሽቦ ይገዛል። መኪናውም ለሳምንታት ይቆማል። በመኪናው እንጀራ የሚበላ ሰው ይህን ከሂሳቡ ያስገባ።

«ከሶማሌ ተራ ሙሉ ሽቦ ገዝቶ መግጠም ነው የሚሻለው»

ሶማሌ ተራ (የአዲስ አበባ የመኪና ዕቃ ገበያ) የሚሸጠው፣ ከተፈታ መኪና የወጣ ሽቦ ከእናንተው መኪና ሽቦ ጋር እኩል ያረጀ ነው። ላስቲኩን እጠፉት፤ ከተሰነጠቀ ተዉት። ለዋን ኤች ዜድ የተሠራው ለሌላ ሞተር፣ የግራ መሪው ለቀኝ መሪ በቀላሉ አይገጥምም። ከዚያ የሚገዛው ጥሩ ነገር ሶኬቱ ነው፦ የፋብሪካው የፊውዝ ሳጥን፣ የፊት መብራት ሶኬት፣ የሪሌ መቀመጫ። እነዚህ አዲስ ሆነው በቀላሉ አይገኙም። ሲቆረጥላችሁ ከሶኬቱ ጋር ቢያንስ አንድ ስንዝር ሽቦ እንዲተውላችሁ ንገሩት። አጥብቆ ከቆረጠው አዲሱን ሽቦ የምትቀጥሉበት ቦታ አይኖርም።