ራልፍ ጥሩ መሪ፣ ጃክ መጥፎ መሪ? ቆይ እስቲ

«ሎርድ ኦፍ ዘ ፍላይስ»ን ያነበበ ሰው ስለ መሪነት ወሬ ሲነሳ ቶሎ ይፈርዳል፦ ራልፍ ዴሞክራት፣ ጃክ አምባገነን። አለቀ። እኔም መጀመሪያ ሳነበው እንደዚያ ነበር ያሰብኩት። ላላነበባችሁት፣ ዊልያም ጎልዲንግ በ1954 እ.ኤ.አ. ያሳተመው ልቦለድ ነው። በጦርነት ጊዜ አውሮፕላናቸው የወደቀ እንግሊዛውያን ልጆች ሰው የማይኖርበት ደሴት ላይ ይቀራሉ። አንድም አዋቂ የለም። አለቃ ለመሆን የሚፎካከሩት ራልፍና ጃክ ናቸው።

«ራልፍ የተመረጠው በብቃቱ ነው»

አይደለም። ልጆቹ እጅ አውጥተው ሲመርጡ እስከዚያች ሰዓት ብልህነት ያሳየው ፒጊ ነበር። መሪ መሪ የሚሸተው ደግሞ ጃክ። ራልፍን ያስመረጠው ቁመናው፣ እርጋታውና እጁ ላይ ያለው ትልቅ የባሕር ዛጎል ነው። ዛጎሉ እንደሚነፋ የነገረውም ፒጊ ነው። ግን ወፍራም፣ አስም ያለበት፣ ባለመነጽር ልጅ ማን ይመርጣል? ፒጊ ማለት «አሳማው» እንደማለት ነው። ይህን ቅጽል ስም ለማንም እንዳይነግርበት ራልፍን ለምኖት ነበር። ራልፍ ሁሉም ፊት ዘረገፈው።

ምርጫው እንዳለቀ ራልፍ፣ ጃክ ቅር እንዳይለው ብሎ ጃክ ይመራቸው የነበሩትን መዘምራን ለእሱ ሰጠው። እነሱም አሳማ አዳኞች ሆኑ። ተቀናቃኙን በገዛ እጁ አስታጠቀ ማለት ነው። (ይሉኝታ የእኛ ብቻ ይመስለኝ ነበር።)

«ጃክ ሥልጣን የያዘው በጉልበት ብቻ ነው»

ይህኛው ላይ ትንሽ እንቆይ። ጃክ ራልፍን ለማውረድ በስብሰባ ላይ ሞክሯል። አንድ እጅ አልወጣለትም። እያለቀሰ ብቻውን ሄደ። ከዚያ ግን ልጆቹ አንድ በአንድ ሹልክ እያሉ ተከተሉት። ያኔ ማንም አላስገደዳቸውም።

ምክንያቱ ሁለት ነው። አንደኛው ሥጋ። ራልፍ የሚያቀርበው ተራራ ላይ የሚጨስ እሳት ነው፤ መርከብ አይቶት ይመጣል፣ ወይም አይመጣም። ጃክ የሚያቀርበው ዛሬ ማታ የሚበላ ጥብስ ነው። አዳኞቹ እሳት ጠባቂዎቹን ይዘው አደን በሄዱበት ቀን እሳቱ ጠፋ፣ መርከብም አለፈ። ራልፍ በጣም ተናደደ። ሥጋው ሲቀርብ ግን አልበላም ሊል አስቦ ምራቁን መዋጥ አቃተው። ግማሽ ጥሬውን ተቀብሎ እንደ ተኩላ ጋጠው።

ሁለተኛው ፍርሃት ነው። ትንንሾቹ «አውሬ አለ» ብለው ይንቀጠቀጣሉ። ራልፍ በጨለማ ስብሰባ ጠርቶ መናፍስት አሉ የሚል እጁን ያውጣ አለ። በድምፅ ብልጫ! ብዙ እጅ ወጣ፣ ፍርሃቱም ባሰ። ጃክ ደግሞ አውሬ ካለ አድነን እንገድለዋለን አለ። እናንተ ስምንት ዓመታችሁ ቢሆን ከማን ጋር ታድሩ ነበር?

ዱላው የመጣው በኋላ ነው። አለቃ ከሆነ በኋላ ዊልፍሬድ የሚባለውን ልጅ አሳስሮ ገረፈው። ለምን እንደሆነ ከተከታዮቹም የሚያውቅ የለም።

«ጃክ ሲጀመርም ጨካኝ ነበር»

የመጀመሪያዋን የአሳማ ግልገል ሲያገኝ ቢላዋውን አንስቶ መውጋት አቃተው። ደሙን ፈራ። የቀየረው በኋላ ፊቱ ላይ የቀባው ቀለም ነው።

«ራልፍ እጁ ንጹሕ ነው»

ሳይመን የሚባለው ልጅ አውሬው መስሏቸው በልጆቹ በተገደለበት ጭፈራ ላይ ራልፍም ፒጊም ነበሩ። በማግስቱ ፒጊ ድንገተኛ አደጋ ነው ብሎ ሊያልፈው ሞከረ። ራልፍ ግን ግድያ ነው አለ። ለእኔ ከምርጫውም ከዛጎሉም ይልቅ መሪ የመሰለው እዚህች ላይ ነው።

«በመጨረሻ ያዳናቸው የራልፍ እሳት ነው»

ራልፍ መጽሐፉን ሙሉ ስለ ጭስ ጨቀጨቀ። የባሕር ኃይል መኮንኑን ያመጣው ጭስ ግን የጃክ ልጆች ራልፍን ከተደበቀበት ሊያወጡት ደሴቱን ሲያቃጥሉ የወጣው ነው። በአማርኛ አውሬ የሚያድነውም፣ ከሞት የሚያድነውም ሲጻፍ ያው «አዳኝ» ነው። ጎልዲንግ አማርኛ ቢችል ይስቅ ነበር።

መኮንኑ አለቃው ማን ነው ሲል ራልፍ ጮክ ብሎ «እኔ» አለ። ጃክ አንድ እርምጃ ወደፊት ሊል ጀመረና ሐሳቡን ቀየረ። የፒጊ መነጽር ስብርባሪ ወገቡ ላይ ተንጠልጥሏል።