ማውንት ፓስፍሬዝ ምንድን ነው?

ክረምት ላይ መብራት ሄዶ ሲመጣ የእህቴ ልጅ ላፕቶፕ ድርግም አለ። ከዚያ ወዲያ አልተነሳም። ጎንደር ፒያሳ አንድ ጥገና ቤት ወሰደችው። ሃርድ ዲስኩን አውጥተው በኬብል ሌላ ኮምፒውተር ላይ ሰኩት። ዲስኩ ደህና ነው። በስሟ ያለው ፎልደር ውስጥ ግን ሁለት የማታውቃቸው ፋይሎች ብቻ አሉ። «ዳታው ጠፍቷል፣ ፎርማት እናርግልሽ» አሏት። እንኳን እሺ አላለች!

ዳታው አልጠፋም ነበር። የላፕቶፑ ሲስተም ኡቡንቱ 16.04 ነው። ያኔ ሲጫን ሆም ፎልደርን፣ ማለትም በስሟ ያለውን ፎልደር፣ ኢንክሪፕት የማድረግ (በምስጢር የመቆለፍ) ምርጫ ነበረው። በሚያዝያ 2010 ዓ.ም. ከወጣው 18.04 ጀምሮ ምርጫው ከመጫኛው ላይ ተነስቷል። ሥራውን የሚሠራው ኢክሪፕትኤፍኤስ ይባላል። እያንዳንዱን ፋይል ለየብቻ ይቆልፍና የተደበቀ ፎልደር ውስጥ ያስቀምጠዋል። ስሙ ሳይቀር ይቆለፋል። የመመረቂያ ጽሑፏ እዚያ ውስጥ አንድ መስመር የሚሞላ የተዘበራረቀ ፊደል ሆኖ ነበር።

ቁልፉ ማውንት ፓስፍሬዝ ነው። ብዙ ሰው የመግቢያው ፓስዎርድ ራሱ ቁልፉ ይመስለዋል። አይደለም። እናቶቻችን የሣጥን ቁልፍ መቀነታቸው ጫፍ ላይ ይቋጥሩ የለ? እንደዚያ ነው። ቁልፉን ኮምፒውተሩ ራሱ ያወጣዋል፤ ከዚያ አንዲት ትንሽ ፋይል ውስጥ ይቋጥረዋል። ፓስዎርዳችሁ የሚፈታው ቋጠሮውን ነው።

ስለዚህ ያቺ ትንሽ ፋይል ከጠፋች ፓስዎርዱን ማወቅ ብቻውን ምንም አይፈይድም። ፎርማት የሚያስፈራኝም ለዚህ ነው። ሌላም አለ፤ ባለሙያ ከውጭ ገብቶ ፓስዎርድ ቢቀይርላችሁ ቋጠሮው በአሮጌው እንደታሰረ ይቀራል። አሮጌውን አትርሱት።

ዲስኩ ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ ካለው አትነካኩት፤ መጀመሪያ ሙሉ በሙሉ ወደ ሌላ ዲስክ ይገልበጥ። የእሷ ጤነኛ ስለነበር ኡቡንቱን ከፍላሽ አስነሳን፣ ዲስኩን ሰካን፣ «ኢክሪፕትኤፍኤስ ሪከቨር ፕራይቬት» የሚባለውን ትእዛዝ ሰጠን። የተቆለፈውን ፎልደር ራሱ ፈልጎ አገኘው፤ የመግቢያ ፓስዎርዷን ጠየቀ። የከፈተው ለንባብ ብቻ ነው፤ በስህተት የሚበላሽ ነገር የለም። ያ የተዘበራረቀ ፊደል ተመልሶ «ምዕራፍ 3» ሆነ። ልጅቷ አለቀሰች።

ሁሉንም ከገለበጥን በኋላ ቋጠሮውን ፈተን ቁልፉን ራሱን አወጣነው፤ 32 ቁምፊ ነው። እሱ በእጅ ካለ ፓስዎርዱ ቢረሳ እንኳ ዳታው ይከፈታል። ኡቡንቱ ገና ሲጫን ጻፉት ብሎ ያሳስባል፤ እኛ ዘለነው ነበር። አሁን ደብተሯ ላይ በእስክሪብቶ ጻፈችው። ቁጥሮችና ከኤ እስከ ኤፍ ያሉ ፊደሎች ብቻ ስለሆኑ ዜሮን ከኦ ጋር ማምታታት እንኳ የለም።