ሐረጎ ላይ ጆሮ ለምን ይደፈናል?

ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ በሚኒባስ ስንወጣ፣ ሐረጎ የሚባለው ዳገት ላይ ልጄ ሁሌ "እማዬ፣ ጆሮዬ ተደፈነ" ትለኛለች። ጆሮዋ ውስጥ ግን የገባ ነገር የለም። ልጆችን የሚያደናግራቸው ቃሉ ነው።

እኔ እንዲህ ነው የማስረዳት፦ ጆሮሽ ውስጥ እንደ ከበሮ ቆዳ የተወጠረ ስስ ነገር አለ፣ ታምቡር ይባላል። ከኋላው አየር ያለባት ትንሽ ክፍል አለች። ደሴ ከኮምቦልቻ በ600 ሜትር ገደማ ከፍ ትላለች፤ ሽቅብ በወጣን ቁጥር የውጭው አየር ግፊት እየቀነሰ ስለሚሄድ ውስጥ የቀረው አየር ታምቡሩን ወደ ውጭ ይገፋዋል፣ ስንወርድ ደግሞ የውጭው አየር ወደ ውስጥ ይጫነዋል። እንዲህ የተገፋ ታምቡር እንደ ልቡ ስለማይርገበገብ ድምፅ ይታፈናል።

ከዚያች ክፍል ወደ አፍንጫ ጀርባ የምትሄድ ቀጭን ቱቦ አለች። ምራቅ ስንውጥ ወይም ስናዛጋ ትከፈትና ጆሯችን ቷ ይላል፣ ግፊቱ ተስተካከለ ማለት ነው። የልጆች ቱቦ ጠባብ ናት፤ በተለይ ጉንፋን ሲይዛቸው ቁልቁለቱ ያስለቅሳቸዋል። ለሕፃን ጡት፣ ከፍ ላለው ውሃ ወይም ከረሜላ ስጡ። እባካችሁ፣ ጆሯቸውን በክብሪት እንጨት አትጎርጉሩ፣ ታምቡሩ ሊቀደድ ይችላል።