«ጋሼ፣ ይቺ ብረት መቼ ነው የምትነሳው?»፦ ስለ ገጠር ሞተርና ስለ አሮጌ ሞተር ጥገና የምሰማቸው ስህተቶች

ሰንዳፋ ዳር፣ የቤቴ በረንዳ ላይ አንዲት ያማሃ ዲቲ 125 ሞተር ሳይክል ተበታትናለች። ሞተሯ ሳፋ ውስጥ ነው። ጎማዎቿ ግድግዳ ተደግፈዋል። ብሎኖቿ የወተት ዱቄት ቆርቆሮ ውስጥ ናቸው። ሠላሳ ዓመት እንዲህ ነኝ። አንዷን ስጨርስ ሌላዋን እጀምራለሁ፤ ቅዳሜ ደግሞ በተጠገነችው ወደ የረር ተራራ ግርጌ እወጣለሁ።

በሩን የገባ ሁሉ አስተያየት አለው። ቡና ሊጠጣ የመጣ ጎረቤት እንኳ ፒስቶን አንስቶ ያገላብጥና ፍርዱን ይሰጣል። የሚገርመው ፍርዶቹ ዓመቱን ሙሉ ያው ናቸው። አንዳንዶቹን እኔም አምኜባቸው ብዙ ብር አጥቻለሁ።

«ሞተር እኮ የወጣት ነው»

ሰዎች ሞተር ሲሉ ፍጥነት ነው የሚታያቸው። በድንጋያማ የከብት መንገድ ላይ ግን በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር ከሄድኩ ቸኩያለሁ ማለት ነው። እዚያ የሚፈለገው ሚዛን፣ የክላች ጣትና ትዕግሥት ነው። የሃያ አምስት ዓመት ልጅ እያለሁ ከዛሬው ይልቅ በጣም እወድቅ ነበር። ዕድሜ የጨመረልኝ ነገር ቢኖር ሄልሜቴንና የጉልበት መከላከያዬን አለመርሳት፣ ብቻዬን አለመውጣትና ሲደክመኝ መመለስ ነው።

«ቆሞ የሚነዳው ለጉራ ነው»

አይደለም። መንገዱ ሲንገጫገጭ ፔዳል ላይ ቆመው ጉልበትን አጠፍ ካደረጉ፣ እግር እንደ ሞላ ሆኖ ያገለግላል። ሞተሯ ከሥርዎ እንደፈለገች ትዘላለች፤ ወገብዎ ግን አይመታም። እኛ ነጂዎቹ ራሳችንም አንድ ስህተት እናወራለን፦ «ስትቆም የስበት ማዕከሉ ዝቅ ይላል» እንላለን። ሰው ሲቆም ክብደቱ ወደ ላይ እንጂ ወደ ታች አይሄድም። ጥቅሙ ሰውነታችን ከመቀመጫው ስለሚላቀቅ ነው።

«አርጅታ ነው ጉልበት ያጣችው»

በዚህኛው ላይ ትንሽ ልቆይ፤ የተቃጠልኩበት ነውና።

የዛሬ ስንት ዓመት አንዲት አሮጌ ሞተር ዳገት እምቢ አለችኝ። ትጨሳለች፣ ታንቃለች፣ ካንዴላዋ ጥቀርሻ ይለብሳል። መካኒኩ «አልቋል፣ ፒስቶኑ የሚመላለስበት ሲሊንደር ሰፋ ተደርጎ ይበሳ» አለኝ። አስበሳሁ። ፒስቶን ቀየርኩ። ያው ሆነች።

ችግሩ አየሩ ነበር። እነዚህ ሞተሮች ከፋብሪካ የሚወጡት ለባሕር ጠለል አካባቢ ተስተካክለው ነው። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። ሰንዳፋ 2,500 ገደማ ይሆናል፤ እንጦጦ ጫፍ ላይ ደግሞ ከ3,000 ያልፋል። እኛ ጋ ያለው የአየር ግፊት በባሕር ጠለል ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። ቤንዚንና አየር የሚያቀላቅለው ካርቡራተር ይህን አያውቅም። ቤንዚኑን እንደ ወፍራም አየር ቆጥሮ ያፈሳል። አየር ያነሰው ቤንዚን በደንብ አይነድም፤ ጥቀርሻውም ጭሱም ከዚያ ይመጣል።

መፍትሔው ካርቡራተሩ ውስጥ ቤንዚን የምትመጥነውን ትንሿን የናስ ጄት፣ ቀዳዳዋ ጠበብ ባለ መቀየር ነበር። ዋጋዋ ሲሊንደር ካስበሳሁበት ጋር አይወዳደርም።

ሁለት ነገር ግን አይርሱ። አንደኛ፣ ጄት ቢቀየርም የጎደለው አየር አይመለስም። ከጉልበቷ አንድ አምስተኛውና ከዚያ በላይ እዚሁ ደጋ ላይ ይቀራል። ሰንሰለቱን የሚያዞረውን የፊቱን ጥርስ (ፒኞን) በአንድ ጥርስ ማሳነስ ለዳገት ይረዳል። ሁለተኛ፣ በዚያች ጠባብ ጄት ወደ አዋሽ ቆላ ከወረዱ ቤንዚኑ ያንሳል፣ ሞተሩ ይግላል፣ ፒስቶኑ ይነክሳል፤ ማለትም ሲሊንደሩ ውስጥ ተጣብቆ ይቀራል። ትልቋን ጄት ኪስዎ ይዘው ይውረዱ።

«ትልቅ ሞተር ይሻላል»

በጭቃ ውስጥ የሚነሳው ክብደት የማን ይመስልዎታል?  ለየረር ግርጌ 125 ይበቃኛል።

«ዘይት ሲበዛ ለሞተር ጥሩ ነው»

ባለ ሁለት ምት ሞተር ዘይቱን ከቤንዚን ጋር አብሮ ያቃጥላል። ታንክ ውስጥ እጅዎ እንደመራዎት ዘይት ከጨመሩ፣ በዚያችው ጄት የሚያልፈው ቤንዚን ያንሳል። ማለትም ሞተሩን ልጠብቅ ብለው ያስርቡታል። ማርሚታውም (የጭስ ማውጫው) በጥቀርሻ ይደፈናል። በተቃራኒው «ጭሱ አስቸገረ» ብሎ ዘይት የሚቀንስም አለ፤ እሱ ፒስቶኑን በገዛ እጁ ያስነክሳል። ዲቲዎች ለብቻው የዘይት ታንክና ፓምፕ አላቸው። የእነሱን የፓምፕ ገመድ በልክ ማስተካከል ነው እንጂ በግምት መጨመር የለም።

«መጀመሪያ ቀለም፣ ሌላው ይደርሳል»

ሞቷል እየተባለ በጨረታ የሚሸጥ የመሥሪያ ቤት ሞተር የገዛ ሰው ሁሉ ይህን ይሠራል። እኔም ሠርቻለሁ። ቀይ ቀለም አስቀባሁ፣ ተለጣፊ አስለጠፍኩ፣ ሰፈሩ አደነቀ። በሦስተኛው ቀን ለገጣፎ ሳልደርስ ፒስቶኑ ነከሰ።

ምክንያቱ ፒስቶኑ የሚያዞረው ዘንግ፣ የክራንኩ፣ ኦይል ሲሎች ነበሩ። ሞተር ዓመታት ሲቆም እነዚህ ጎማዎች ይደርቃሉ። በባለ ሁለት ምት ሞተር ላይ ደግሞ በደረቀ ሲል በኩል አየር ሾልኮ ይገባል፤ ቤንዚኑ ይሳሳል፣ ሙቀቱ ይጨምራል። አሁን ማንኛዋንም ሞተር ሳልነዳ በፊት እነሱን እቀይራለሁ።

ሲሊንደር መበሳት ግድ ከሆነ ደግሞ ቶርኖ ቤት ሰጥተው አይሂዱ። የዲቲ 125 ፒስቶን 56 ሚሊ ሜትር ነው። ከዚያ በ0.25 ሚሊ ሜትር እያደገ ይመጣል። ፒስቶኑን ገዝተው ይውሰዱና በእሱ ልክ ይበሳ። ከተበሳ በኋላ በሲሊንደሩ ግድግዳ ላይ ያሉት የጋዝ መስኮቶች ጠርዛቸው ስለት ሆኖ ይቀራል። በጥንቃቄ ካልተሞረደ ፒስቶኑን የከበበው የብረት ቀለበት፣ ፋሻው፣ እዚያ ይያዝና ይሰበራል። የመኪና ሲሊንደር የለመደ ባለሙያ ይህን ሊዘነጋው ይችላል። በትሕትና ያስታውሱት።

ታንኩ ውስጡ ከዛገ አቼቶ ሞልተው ሁለት ቀን ያቆዩት። ጥቂት ብሎን ጨምረው ይነቅንቁት። ከዚያ ሶዳ በበጠበጡበት ውኃ ማጠብ፣ ወዲያው ማድረቅ፣ ውስጡን ዘይት ማስነካት። ሳይደርቅ ካደረ ዝገቱ ጠዋት ተመልሶ ይጠብቅዎታል። ጠረኑን በተመለከተ ከባለቤቴ ጋር ገና አልተስማማንም።

«ዕቃ የለውም»

ኩሽኔታ ላይ ቁጥር ተጽፏል። 6203 የሚል ካዩ ውስጡ 17፣ ውጪው 40፣ ውፍረቱ 12 ሚሊ ሜትር ነው፤ ለየትኛውም ማሽን ቢሠራ ልኩ ያው ነው። ቁጥሩን ይዞ መርካቶ መሄድ ነው። ሶማሌ ተራና ምናለሽ ተራን በትዕግሥት የዞረ ባዶ እጁን አይመለስም። እውነት የሚያስቸግረው ፕላስቲኩና የራሷ ማርሚታ ነው። ስለዚህ ሲገዙ ቀለም ሳይሆን እነዚህን ይዩ።

«አስፋልት ከሌለ ሕግም የለም»

ከጨረታ የገዟት ሞተር ሊብሬ ከሌላት የብረት ክምር ናት። ታርጋና ቦሎም ያስፈልጋል። ከተማው በ2011 ዓ.ም. የሞተር እንቅስቃሴን ከገደበ ወዲህ ደግሞ ወደ አዲስ አበባ ከመግባት በፊት ጠይቆ ማረጋገጥ የግድ ነው።

ማሳም የሰው ነው። በጤፍ መሃል ጎማ ያሳለፈ ሰው በሚቀጥለው ቅዳሜ እዚያ ቀበሌ ሰላምታ አያገኝም። ከብት ሲመጣ ሞተር አጠፋለሁ፤ እረኛው ልጅ ብዙ ጊዜ በእጁ ሰላም ብሎኝ ያልፋል።

በክረምት ደግሞ ዋልካው ራሱ ሕግ ነው። ጭቃው ጎማውን ጠቅልሎ ከጭቃ መከላከያው ጋር ያጣብቀዋል፤ ጎማው መዞር ያቆማል። የገጠር ሞተር የፊት ጭቃ መከላከያ ከጎማው ከፍ ብሎ የሚሠራው ለዚህ ነው። ያም ሆኖ የሰንዳፋን ዋልካ በነሐሴ አልሞክረውም።

የበረንዳዋ ዲቲ አሁን ሲሎቿ ገብተዋል። የቀራት ፋሻ ነው። መሬቱ እስኪደርቅ፣ እስከ ጥቅምት ጊዜ አለኝ። ትናንት የጎረቤቴ ልጅ መጥቶ፣ «ጋሼ፣ ስንት ትሄዳለች?» አለኝ።

«እስከ የረር» አልኩት።