የሚከፈልበት ሰዓት ምንድን ነው?

ኮች ነኝ፤ ሰው እያነጋገርኩ የሚሄድበትን ራሱ እንዲያገኝ እረዳለሁ። ሰሞኑን አንድ ሰው ካልኩሌተር ይዞ መጣብኝ። «ኮች ነን የሚሉት በሰዓት 1,500 ብር ያስከፍላሉ። በቀን 8 ሰዓት፣ በወር 22 ቀን ብንል 264,000 ብር ነው። ለወሬ!» ብሎ ጻፈ። ማባዛቱን ቼክ አደረግኩት፣ ልክ ነው። ስህተቱ ያለው 8 የምትለዋ ላይ ነች።

ዝም ብዬ ላልፈው ነበር። ግን በዚያው ሳምንት አንዲት ጀማሪ ኮች ደወለችልኝ። «75 የሚከፈልበት ሰዓት ሞልቻለሁ፤ ታዲያ የቤት ኪራይ ለምን ያቅተኛል?» አለችኝ። ሁለቱ አይተዋወቁም፣ የተሳሳቱት ግን በአንድ ነገር ነው፤ «የሚከፈልበት ሰዓት» በሚለው።

ኮቺንግ ራሱ ምን እንደሆነ እዚህ ከዚህ በላይ አልገባበትም። (ስልጠና አይደለም፤ አሰልጣኝ ስትሉ ደግሞ ሰው ስለ ኳስ ያስባል፣ ስለዚህ ኮች ብዬ እቀጥላለሁ።)

መጀመሪያ የልጅቷን ላንሳ። አይሲኤፍ የሚባለው ዓለም አቀፍ የኮቺንግ ፌዴሬሽን ለመጀመሪያው ደረጃ ማረጋገጫ 100 የኮቺንግ ሰዓት ይጠይቃል፤ ከዚያ ውስጥ ቢያንስ 75ቱ የተከፈለባቸው መሆን አለባቸው። ለሁለተኛው ደረጃ ቁጥሩ 500 እና 450 ይሆናል። እዚያ «የተከፈለበት» ማለት ግን ማንኛውም ክፍያ ነው። 50 ብርም ክፍያ ነው። የጎረቤትሽ ልጅ ሎጎ ሠርቶልሽ አንቺ በምትኩ ኮች ብታደርጊው እሱም ይቆጠራል። ደንቡ የተጻፈው ልምድሽን ለመለካት ነው፣ ትርፍሽን አይደለም። ታዲያ 75 ሰዓት በ50 ብር የሞላች ሰው 3,750 ብር አገኘች ማለት ነው። ለማረጋገጫው የሚጠየቀውን የተከፈለበት ሰዓት አሟልታለች፣ ንግዱ ግን ገና አልተጀመረም።

በንግዱ በኩል የሚከፈልበት ሰዓት ሌላ ነገር ነው። ሌሎቹን ሰዓቶች ሁሉ ጀርባው ላይ አዝሎ የሚሄድ ሰዓት ነው።

ይሄን ከእኔ በላይ የሚያስረዳው የላዳ ሹፌር ነው። ከቦሌ አያት ኮንትራት ስትጠይቁት ዋጋ ይጠራል። «ኧረ ይሄን ያህል?» ስትሉት ምን ይላችኋል? «ባዶዬን ነው የምመለሰው!» በቃ። ከአያት ቦሌ የሚመለስበትን ነዳጅና ሰዓት የከፈላችሁት እናንተ ናችሁ፣ መኪናው ውስጥ ባትኖሩም። መስታወት አስወርዳችሁ አምስት ደቂቃ ተከራክራችሁ ጥላችሁት ስትሄዱ፣ እሱ የእኔ ነፃ የመተዋወቂያ ሴሽን ነው፤ ሰው ሳይከፍል አይቶኝ የሚወስንበት ቀጠሮ። ነዳጅ የተሰለፈበትም፣ ጋራዥ የዋለበትም ጊዜ የሚከፈለው ተሳፋሪ ከያዘበት መንገድ ላይ ነው። ከሌላ ቦታ የሚመጣ ገንዘብ የለውም። ወር ከፍለው ልጆቻቸውን ትምህርት ቤት የሚያስወስዱ ደንበኞች ካሉት ደግሞ፣ ያ የእኛ ጥቅል ነው፤ ስድስት ሴሽን በአንድ ክፍያ። ዋጋው ቀነስ ይላል፣ ምክንያቱም ጠዋት ጠዋት ደንበኛ ፍለጋ አይዞርም። ምሳሌው የሚሰበረው አንድ ቦታ ነው። የላዳ ተሳፋሪ የሚሄድበትን ያውቃል። የእኔ ክላየንት አያት ብሎ ገብቶ መገናኛ ስንደርስ ጎሮ እንደነበር ይገለጥለታል። እና ደስ ይለናል፣ ሥራችን እሱ ስለሆነ።

አሁን ወደ 8ቷ። ያለፈው ሳምንት ደብተሬ ይኸውና። 41 ሰዓት ሠርቻለሁ። የተከፈለብኝ 13 ነው። 8 ሰዓት ለዝግጅትና ከሴሽን በኋላ ማስታወሻ ለመጻፍ ሄዷል። 7 ሰዓት አንድ ድርጅት የጠየቀኝን ፕሮፖዛል ሳዘጋጅ ነበርኩ፣ ይሳካ አይሳካ ገና አይታወቅም። 5 ሰዓት ሰው እንዲያውቀኝ ስጽፍ፤ 3 ሰዓት በነፃ መተዋወቂያ፤ ሌላ 3 ሰዓት «ክፍያው ገብቷል ወይ፣ ስክሪንሹቱን ላክልኝ፣ ሐሙስ ካልተመቸህ ዓርብስ» ስል። ሁለቱ ቀሪ ሰዓቶች ደግሞ ውሃ በላቸው።

አንዷን የበላት ለቅሶ ነው። ዙም ከፍቼ የራሴን ፊት እያየሁ 25 ደቂቃ ተቀመጥኩ። ከዚያ «ይቅርታ፣ ድንገት ለቅሶ ገጥሞኝ ነው» የሚል ቴሌግራም መጣ። ከ24 ሰዓት በፊት ያልተሰረዘ ቀጠሮ ይከፈልበታል የሚል ውል አለኝ፣ ፈርሞበታል። ግን ሰውየው ድንኳን ውስጥ ተቀምጦ ስለ ውል ይወራል? «እግዜር ያጥናህ» ብዬ ቀን ቀየርኩለት። ሁለተኛዋን የበላት የአሜሪካ ሰዓት ነው። ዋሽንግተን ያለች ክላየንት አለችኝ፣ በእኛ ማታ 2 ሰዓት ላይ ትገባለች፣ እሷ ጋ ቀን 7 ሰዓት መሆኑ ነው። እዚያ በኖቬምበር መጀመሪያ ሰዓት ወደ ኋላ ይመለሳል፣ እኛ ጋ ንቅንቅ የለም። እሷ በለመደችው 7 ሰዓት ገባች፣ እኔ ጋ ማታ 3 ሆኗል። እራቱም ቀዘቀዘ። ጥፋቱ የእኔ ነው፣ ቀጠሮውን ስልኬ ላይ የመዘገብኩት በአዲስ አበባ ሰዓት ብቻ ነበር። ውጭ አገር ክላየንት ያላችሁ፣ በእሷ ሰዓት መዝግቡት።

ስለዚህ 13 ሲባዛ በ1,500፣ 19,500 ብር። ለ41 ሲካፈል በሰዓት 476 ብር ገደማ። ከዚህ ላይ ኢንተርኔት፣ ዙም፣ የቢሮ ኪራይና ግብር ገና አልተነሳም።

«ታዲያ ቀኑን ሙሉ ለምን ሰው አትይዝም?» የሚል ይኖራል፣ ያ ሰውዬም ብሏል። ወንድሜ፣ ሹፌር በቀን 15 ጉዞ ሊሠራ ይችላል፤ ኮች ግን አምስተኛው ሰው ላይ ጆሮው ይዘጋል። ሰውየው ያወራል፣ አንተ ትነቀንቃለህ፣ የምታስበው ስለ ምሳ ነው። ያን ማስከፈል ሌብነት ነው። እኔ በቀን ከሦስት አላልፍም። ደግሞ እግረ መንገዴን ልበለው፤ እንቅልፍ ያጣ፣ መኖር ያስጠላው ሰው ሲመጣ ኮቺንግ አይሸጥለትም። ወደ ሥነ አእምሮ ባለሙያ ትልኩታላችሁ፣ ያቺን ሰዓትም አታስከፍሉም። እሷም ሂሳብ ውስጥ ትገባለች።

ጀማሪዋ ያደረገችው የሰውየውን ግልባጭ ነው። እሱ አባዛ፣ እሷ አካፈለች። በወር 90,000 ብር ያስፈልገኛል ብላ ለ176 ሰዓት አካፈለችና «511 ብር ይበቃል» አለች። 176 (በቀን 8 ሰዓት፣ በወር 22 ቀን) የቅጥር ሰዓት ነው። ተቀጥራችሁ ስትሠሩ ባዶ መመለሻውን የሚከፍለው አሠሪው ነው፤ ስብሰባ ላይ ስታንቀላፉም ደሞዝ ይቆጥራል። እዚህ ግን አሠሪውም እናንተ ናችሁ።

አብረን እንደገና ሠራነው። በሳምንት 12 ሰው ብትይዝ በወር 48 ሰዓት ነው፣ ይሄም ሲሳካ። 90,000 ለ48፣ 1,875 ብር። አላበቃም። የእኛ ዓመት አንድ ወጥ አይደለም። መስከረም ላይ ሁሉም ሰው እቅድ አለው፣ ስልክ ይጨናነቃል። ሁዳዴ 55 ቀን ነው፤ ወደ መጨረሻው ፋሲካ ሲቀርብ «ከበዓል በኋላ» የሚለው ይበዛል። ክረምት ላይ ደግሞ ልጆች ቤት ናቸው፣ ወላጅ ቀጠሮ አይይዝም። እኔ በዓመት ሁለት ወር ባዶ ብዬ ነው የምይዘው። የዓመቱ 1,080,000 ለ10 ወር ሲካፈል 108,000፣ እሱ ለ48 ሲካፈል 2,250 ብር። ከ511 ተነስተን እዚህ ደረስን።

ዝም አለች። ከዚያ «ማን ይከፍለኛል?» አለች። ጥሩ ጥያቄ ነው፣ መልሱ ግን ዋጋ ውስጥ የለም። በዚህ ዋጋ የሚከፍል 12 ሰው በሳምንት ካልተገኘ፣ ግማሽ ቀን ሥራ ይዞ ኮቺንጉን በትርፍ ሰዓት መሥራት አያሳፍርም። እኔ ራሴ እንደዚያ ነው የጀመርኩት።

ቫት ተመዝጋቢ ከሆናችሁ ደግሞ 2,250 ብላችሁ ስትነግሩ ከቫት ጋር ይሁን ያለ ቫት አብራችሁ ተናገሩ። 15 በመቶው ሲጨመር 2,587 ብር ከ50 ይሆናል። ሰው የሚጣላው በዚያች 337 ብር ነው።