ዲጂታል ጥገኝነትን መቀነስ ምንድን ነው?

አንድ አካውንት ነገ ጠዋት ቢዘጋ ምን ምን አብሮት ይዘጋል? ዲጂታል ጥገኝነት የሚለካው በዚህ ጥያቄ ነው። የብዙ ሰው መልስ ረጅም ነው፦ የዓመታት ደብዳቤ፣ ፎቶ፣ የስልክ ቁጥሮች፣ ቀን መቁጠሪያ፣ የተገዙ መተግበሪያዎች፣ በዚያ ኢሜይል የተከፈቱ የባንክና የሥራ አካውንቶች፣ «በጎግል ግባ» ወይም «በፌስቡክ ግባ» በሚል ቁልፍ የተገባባቸው ድረ ገጾች በሙሉ። ጥገኝነትን መቀነስ የሚባለው እንግዲህ ይህን ዝርዝር ማሳጠር ነው። ጎግልን፣ አፕልን፣ ማይክሮሶፍትን፣ ሜታንና አማዞንን እርግፍ አድርጎ መተው ግድ አይደለም። አንዱ ሲዘጋ፣ ሲወደድ ወይም ደንቡን ሲለውጥ ዕቃን ሸክፎ ወደ ሌላው መሄድ ከተቻለ ግቡ ተመቷል።

መዝጋትና መለወጥ ደግሞ የተለመደ ነው። ጎግል ሪደር እ.ኤ.አ. ጁላይ 1 ቀን 2013 ተዘጋ፤ ጎግል ፕላስ ለተራ ተጠቃሚዎች አፕሪል 2 ቀን 2019 ቀረ። ጎግል ፎቶስ ያለ ገደብ በነጻ ማስቀመጡን ጁን 1 ቀን 2021 አቁሞ አዲስ ፎቶዎችን ከ15 ጊጋባይቱ የጋራ ቦታ መቁጠር ጀመረ። ለ2 ዓመት ያልተገባባቸው የጎግል የግል አካውንቶች ከነይዘታቸው ሊሰረዙ እንደሚችሉ የሚለው ደንብም በ2023 መጣ። ኦክቶበር 4 ቀን 2021 ፌስቡክ፣ ኢንስታግራምና ዋትሳፕ ለስድስት ሰዓት ያህል ከዓለም ሲጠፉ፣ ወደ ሌሎች ድረ ገጾች በፌስቡክ አካውንታቸው የሚገቡ ሰዎችም ውጭ ቀርተዋል።

ሰውን የሚይዙት ማሰሪያዎች ሦስት ናቸው፤ ጥብቀታቸው ግን እኩል አይደለም። አንደኛው አድራሻ ነው፤ ሰዎችና ተቋማት የሚያውቁዎት በኩባንያው ስም በሚያልቅ ኢሜይል ነው። ሁለተኛው የፋይል ቅርጽ ነው፤ ሥራዎ ሌላ ፕሮግራም በማይከፍተው መልክ ተቀምጧል። ሦስተኛው ሰው ነው፤ ወዳጆችዎ ሁሉ እዚያ ናቸው። ጀማሪ ብዙ ጊዜ በሦስተኛው ይጀምርና ሁለት ሳምንት ታግሎ ይተወዋል። መጀመር ያለበት ከአድራሻው ነው።

ከሁሉ በፊት የይለፍ ቃል

አድራሻ ከመነካቱ በፊት ግን አንድ ዝግጅት አለ። በብራውዘሩ ውስጥ የተቀመጡትን የይለፍ ቃሎች አውጥቶ እንደ ቢትዋርደን ወይም ኪፓስ ኤክስሲ ባለ የይለፍ ቃል መያዣ ማስገባት። ብራውዘሩ ሲያወጣቸው ማንም ሊያነበው የሚችል ግልጽ የጽሑፍ ፋይል ነው የሚሰጠው፤ ካስገቡ በኋላ ፋይሉን ወዲያው ያጥፉ፣ ይዘቱን በራሱ ወደ ደመና (ኢንተርኔት ላይ ወዳለ ማስቀመጫ) በሚልክ ፎልደር ውስጥም አያሳርፉት። ባለ ሁለት ደረጃ ማረጋገጫ ያለበት አካውንት ሁሉ የሚሰጠውን የመልሶ ማግኛ ኮድ በወረቀት ያትሙ። አድራሻ በሚቀየርበት ሰሞን አካውንት የሚጠፋው በአብዛኛው በዚህ ነው፦ ኮዱ ወደ አሮጌው ኢሜይል ይላካል፣ አሮጌው ኢሜይል ደግሞ ኮድ ይጠይቃል።

የራስ አድራሻ

የራስ አድራሻ ማለት የራስ ዶሜይን ስም (በኢሜይል ከ@ ቀጥሎ የሚጻፈው) ነው። ከዶሜይን መዝጋቢ ድርጅት በዓመት ክፍያ ይያዛል፤ ዶት ኮምን የመሰለው በአንድ ጊዜ እስከ 10 ዓመት ሊከፈልለት ይችላል። ከዚያ በኋላ ደብዳቤውን የሚያስተናግደው ፕሮተን ይሁን ፋስትሜይል ወይም ሌላ፣ አድራሻው አይለወጥም። አስተናጋጁ ካላስደሰተ ዶሜይኑ ወዴት እንደሚመራ በሚናገረው የዲኤንኤስ መዝገብ ላይ ጥቂት መስመር ቀይሮ መሄድ ነው፤ ለማንም «አድራሻዬ ተቀይሯል» ማለት አያስፈልግም።

እዚህ ላይ ሁለት ወጥመድ አለ። የመጀመሪያው ክብ መሥራት ነው፦ የመዝጋቢው አካውንት ራሱ በዚያው ዶሜይን ኢሜይል ከተከፈተ፣ ዶሜይኑ በተበላሸ ቀን የማስተካከያው መልእክት የሚላከው ወደማይሠራው ሳጥን ነው። ስለዚህ ለመዝጋቢው ሌላ፣ ከዶሜይኑ ውጭ ያለ ኢሜይል ይስጡ። ሁለተኛው የክፍያ ካርድ ነው። ካርዱ ጊዜው ሲያልፍ በራሱ የሚታደሰው ምዝገባ ሳይታደስ ይቀራል። ዶት ኮም ከተሰረዘ በኋላ ባለቤቱ በውድ የሚመልስበት 30 ቀን አለ፤ ቀጥሎ ምንም ማድረግ የማይቻልበት 5 ቀን፤ ከዚያ ያገኘ ይወስደዋል። የወሰደው ሰው ኢሜይል ሲከፍትበት የእርስዎን የይለፍ ቃል መቀየሪያ መልእክቶች ይቀበላል። ለብዙ ዓመት አስቀድሞ መክፈል፣ በተጨማሪም የማብቂያውን ቀን ከኢሜይል ውጭ በሆነ ቦታ መመዝገብ ይበጃል።

በዲኤንኤስ ላይ የሚገቡት መዝገቦች አራት ናቸው። ኤምኤክስ ደብዳቤ የት እንደሚደርስ ይናገራል። ኤስፒኤፍ በዶሜይኑ ስም መላክ የተፈቀደላቸውን ሰርቨሮች ይዘረዝራል፤ ለአንድ ዶሜይን አንድ ብቻ መሆን አለበት፣ ሁለት ሲሆን ሁለቱም አይሠሩም፤ ሲፈተሽ ከ10 በላይ የዲኤንኤስ ጥያቄ የሚያስነሳ ከሆነም ይወድቃል። ዲኪም የእያንዳንዱ ደብዳቤ ፊርማ ነው። ዲማርክ ደግሞ ፊርማውም ላኪውም ከዶሜይኑ ጋር ካልተስማሙ ተቀባዩ ምን ያድርግ የሚለውን ይወስናል። ዲማርክን መጀመሪያ «ምንም አታድርግ» በሚለው ደረጃ አስቀምጦ ለጥቂት ሳምንት ሪፖርቱን ማየት፣ ከዚያ ወደ ስፓም፣ በመጨረሻም ወደ መመለስ ማጥበቅ ነው ትክክለኛው ቅደም ተከተል። በአንድ ቀን ማጥበቅ የራስን ደብዳቤ ያስመልሳል።

የኢሜይል ሰርቨሩንም ራሴ ላቁም የሚል አለ። ይህን አንመክርም። ብዙ የሰርቨር አከራዮች ደብዳቤ የሚወጣበትን ፖርት 25 ዘግተውታል፤ ቢከፈትም የሰርቨሩ የኢንተርኔት ቁጥር (አይፒ አድራሻው) ከቀድሞ ተከራይ የወረሰው መጥፎ ስም ሊኖረው ይችላል። ጎግልና ያሁ ከፌብሩዋሪ 2024 ጀምሮ የላኪ ማረጋገጫ መስፈርታቸውን አጥብቀዋል፤ በብዛት ለሚልክ (በጎግል ደንብ በቀን 5,000 ገደማ ወይም ከዚያ በላይ) ሦስቱንም ማረጋገጫዎች፣ ኤስፒኤፍ፣ ዲኪምና ዲማርክን፣ ግዴታ አድርገዋል። ትንሹ ሰርቨር ሁሉንም አሟልቶም ደብዳቤው ስፓም ውስጥ ሊገባ ይችላል፤ የከፋው ነገር ላኪው ይህን አለማወቁ ነው። ዶሜይኑ የራስ፣ ማስተናገዱ ግን የሚከፈለው ድርጅት ይሁን።

አሮጌውን ደብዳቤ ማምጣት በአይማፕ፣ የኢሜይል ፕሮግራሞች ከሰርቨሩ ጋር በሚነጋገሩበት መንገድ፣ ነው። ተንደርበርድ በተባለው የኢሜይል ፕሮግራም ላይ ሁለቱን አካውንቶች ጎን ለጎን ከፍቶ መጎተት ለትንሽ ሳጥን ይበቃል፤ ለትልቁ ደብዳቤን ከሳጥን ወደ ሳጥን የሚቀዳው አይማፕሲንክ ይሻላል። ጂሜይል ላይ አንድ ደብዳቤ ሦስት ሌብል (መለያ ምልክት) ካለው በአይማፕ በኩል በሦስት ፎልደር ይታያል፣ «ሁሉም ደብዳቤ» በሚለው ደግሞ አራተኛ ጊዜ። ዝም ብሎ ከተቀዳ 10 ጊጋባይት የነበረው ብዙ እጥፍ ሊሆን ይችላል። «ሁሉም ደብዳቤ»ን መዝለል መፍትሔ ይመስላል፤ ነገር ግን አርካይቭ የተደረገና ሌብል የሌለው ደብዳቤ ያለው እዚያ ብቻ ስለሆነ ይጠፋል። በአይማፕሲንክ ለጂሜይል የተዘጋጀውን ምርጫ መጠቀም፣ አለዚያም ሌብሎቹን ትቶ «ሁሉም ደብዳቤ»ን ብቻ መቅዳት ነው የሚያዋጣው። ጂሜይል በአይማፕ በቀን የሚያስወርደውም 2,500 ሜጋባይት ያህል ስለሆነ 15 ጊጋባይት የአንድ ሌሊት ሥራ አይደለም።

ከዚያ አሮጌው ሳጥን የሚመጣለትን ሁሉ ወደ አዲሱ እንዲያስተላልፍ ይደረጋል፤ አዲሱ ጋ ደግሞ በዚያ በኩል የመጣውን ሁሉ ለብቻው ምልክት የሚያደርግ ማጣሪያ። በወር አንድ ጊዜ ምልክት የተደረገባቸውን ማየትና ላኪዎቹ ጋ ገብቶ አድራሻ መቀየር። ባንክና መታወቂያ ነክ ነገሮች ይቅደሙ። «በጎግል ግባ» የተባለባቸው ድረ ገጾች ላይ መጀመሪያ የይለፍ ቃል ያውጡ፣ ከዚያ ኢሜይሉን ይቀይሩ፤ በአዲሱ ኢሜይል በቀጥታ ቢመዘገቡ ብዙዎቹ አዲስ ባዶ አካውንት ከፍተው አሮጌውን ከነታሪኩ ይተዉታል። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል፤ ይህ ሥራ የወራት ነው።

ፎቶና ሰነድ

የአውሮፓ ኅብረት የመረጃ ጥበቃ ሕግ እ.ኤ.አ. ከሜይ 25 ቀን 2018 ጀምሮ በአንቀጽ 20 የራስን መረጃ ይዞ የመሄድ መብት ሰጥቷል፤ ትልልቆቹ ኩባንያዎችም የማውጫ መሣሪያ አላቸው። የጎግሉ ቴክአውት ከ2011 ጀምሮ አለ። ቢሆንም የወጣው ነገር እንዳለ ጥቅም ላይ ይውላል ማለት አይደለም።

ቴክአውት ፎቶዎቹን በዚፕ ከፋፍሎ ያቀርባል፤ የአንዱን መጠን እስከ 50 ጊጋባይት ማድረግ ይቻላል። ኢንተርኔቱ የሚቆራረጥ ከሆነ ትንንሹን መምረጥ ይሻላል፤ 49ኛው ጊጋባይት ላይ ከተቋረጠ ብዙ ጊዜ እንደገና ከዜሮ ነው። ማውረጃው ሊንክ ለአንድ ሳምንት ያህል ብቻ ይሠራል። አገልግሎቱ ላይ የታረመ ቀን፣ የተጻፈ መግለጫና በእጅ የተሰጠ ቦታ በፎቶው ውስጥ አይገኙም፤ አጠገቡ ባለ የጄሰን (የመረጃ ጽሑፍ) ፋይል ውስጥ ናቸው። ጄሰኑን ሳያነቡ ፎቶዎቹን ሌላ ቦታ የጫኑ ሰዎች የአሥር ዓመት ፎቶ ዛሬ እንደተነሳ ሆኖ ተደርድሮ ያገኙታል። በራስ ሰርቨር በሚሠራው የፎቶ ማስቀመጫ በኢሚች ላይ ለሚጭን ኢሚች ጎ የተባለው መሣሪያ ሁለቱን ያጋጥማል፤ ለሌላው በፎቶ ውስጥ ያለ መረጃን የሚጽፈው ኤግዚፍቱል አለ።

አይፎን ላይ ያለው ወጥመድ ሌላ ነው። «ቦታ ቆጥብ» የሚለው ምርጫ ከበራ ስልኩ ላይ ያለው ትንሹ ቅጂ ሊሆን ይችላል፤ ዋናው አይክላውድ ላይ ነው። ስልኩን በገመድ አገናኝቶ የቀዳ ሰው ሁሉንም የያዘ ይመስለዋል። የጎግል ድራይቭ ፎልደርም እንዲሁ ነው፦ ኮምፒውተሩ ላይ ጂዶክ በሚል ቅጥያ የሚታየው ፋይል ሰነድ ሳይሆን ወደ ሰነዱ የሚመራ ሊንክ ነው። መጠኑን ማየት ይበቃል፤ 40 ገጽ ጽሑፍ ከአንድ ኪሎባይት በታች ሊሆን አይችልም። ሰነዶቹን በቴክአውት ወደ ዶክኤክስ ወይም ኦዲቲ ማውጣት ያስፈልጋል፤ በነጻው የቢሮ ፕሮግራም በሊብሬኦፊስ ይከፈታሉ። የቀድሞ እትሞቻቸው ታሪክ ግን አብሮ አይመጣም።

የወጣውን የት ማስቀመጥ? ኔክስትክላውድ በራስ ኮምፒውተር ላይ ፋይል፣ ቀን መቁጠሪያና የስልክ ቁጥሮችን አንድ ላይ ይይዛል። ጥገናው ግን የባለቤቱ ነው፤ ለምሳሌ ከአንድ ዋና እትም ወደ ሌላው ሲዘመን መዝለል አይቻልም፣ ሁለት ዓመት የተረሳ ሰርቨር ደረጃ በደረጃ ነው የሚወጣው። ራስበሪ ፓይ በተባለው ትንሽ ኮምፒውተር ላይ ዳታቤዙን በሜሞሪ ካርድ ማስቀመጥም አይበጅም፤ ካርዱ በተደጋጋሚ መጻፍ ያልቃል፤ ኤስኤስዲ ይግጠሙለት። ሰርቨሩን ለኢንተርኔት በቀጥታ ከመክፈት በዋየርጋርድ (የተመሰጠረ የግል መግቢያ) መግባት ይመረጣል። ይህ ሁሉ የሚከብድ ከሆነ ሁለት መሣሪያዎችን በሲንክቲንግ ማመሳሰል ይበቃል። ማመሳሰል ግን መጠባበቂያ አይደለም፦ ስልኩ ላይ የጠፋ ፎቶ ኮምፒውተሩም ላይ ይጠፋል። ሦስት ቅጂ፣ በሁለት ዓይነት ማስቀመጫ፣ አንዱ ከቤት ውጭ የሚለው የቆየ ደንብ እዚህ ይሠራል። በየሦስት ወሩ ከመጠባበቂያው አሥር ፋይል መልሶ መክፈትም ያስፈልጋል፤ አለዚያ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይሆናል።

ቀላሉና ከባዱ

የስልክ ቁጥሮች በቪሲኤፍ፣ ቀን መቁጠሪያ በአይሲኤስ ይወጣሉ፤ የደቂቃዎች ሥራ ነው። ለካርታ በ2004 የተጀመረው ኦፕንስትሪትማፕ አለ፤ ኦርጋኒክ ማፕስ መረጃውን ወደ ስልክ አውርዶ ያለ ኢንተርኔት ያሳያል። የመፈለጊያ ሞተር መቀየርም ቀላል ነው፣ ትርጉሙን ግን ማጋነን አይገባም፦ ዳክዳክጎ ውጤቱን በአብዛኛው ከማይክሮሶፍቱ ቢንግ ያመጣል፣ ስታርትፔጅ ከጎግል። ፋየርፎክስን የሚሠራው ሞዚላ ራሱ ገቢውን በአብዛኛው የሚያገኘው ከጎግል ጋር ባለው የመፈለጊያ ስምምነት ነው። ክትትሉ ይቀንሳል፤ ሥሩ ግን አልተነቀለም።

ከባዱ መልእክት መላላኪያ ነው፤ ሲግናልን የመሰለ ሌላ መላላኪያ መጫን ሌላውን ሰው አያመጣውም። የአውሮፓው የዲጂታል ገበያ ሕግ ከማርች 7 ቀን 2024 ጀምሮ ዋትሳፕ ለሌሎች መላላኪያዎች በር እንዲከፍት የሚያስገድደው በዚህ ምክንያት ነው። በብዙ ሰርቨሮች በተከፋፈለው ማኅበራዊ መረብ በማስቶዶን ላይ ተከታዮችን ይዞ ከአንዱ ሰርቨር ወደ ሌላው መዛወር ይቻላል፣ የቀድሞ ጽሑፎች ግን አይከተሉም። ሁለቱንም መተግበሪያ ይዞ ቅርብ የሆኑትን አምስት ስድስት ሰዎች ማዛወር፣ የቀሩትን ደግሞ ስልክ ቁጥርና ኢሜይላቸውን ከመተግበሪያው ውጭ መዝግቦ መያዝ ይሻላል።

አሮጌውን የኢሜይል አካውንት መሰረዝ የመጨረሻው ነው፤ ባይሰረዝም ይመረጣል። የተሰረዘ የጂሜይል አድራሻ ለሌላ ሰው አይሰጥም፤ ያሁ ግን በ2013 ከአንድ ዓመት በላይ የተተዉ ስሞችን ለአዳዲስ ተጠቃሚዎች ማደል ጀምሮ፣ አዲሶቹ ባለቤቶች ለቀድሞዎቹ የተላኩ ደብዳቤዎች ደርሰዋቸዋል። ስለዚህ ውስጡን ባዶ አድርጎ፣ በባለ ሁለት ደረጃ ማረጋገጫ ቆልፎ፣ በየስድስት ወሩ አንድ ጊዜ መግባት።